ለጀግና መንገድ ምን ያደርጋል?

ሻሺቱ ያን ዕለት ዱቡሻ የወጣችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎረቤቷ ዳልጮ ያጠረባትን መንገድ ለማስከፈት። የገረሴ ዙሪያ ሰው የሚመክረውም፣ የተጣላውን የሚያስታርቀውም ዱቡሻው መስክ ላይ ነው።

ልምሻ ሁለቱንም እግሮቿን በልጅነቷ ወስዶባታል። በእጇ በምትነዳው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ድንቿን ጭና ገበያ ትወርዳለች፤ ልጆቿንም ያሳደገችው በዚሁ ነው። ታዲያ ዳልጮ «ከብት እንሰቴን ጨረሰብኝ» ብሎ መንገዱን በቀርከሃ አጠረና እግረኛ አጥሩን የሚሻገርበት አንድ መረማመጃ ግንድ አጋደመ። ለሻሺቱ መረማመጃ ምኗ ነው? የመጀመሪያውን ቀን በዝናብ ከብስክሌቷ ወርዳ፣ ጭቃው ላይ እየተጎተተች፣ በግንዱ ላይ በሆዷ ተሻገረች። አንድ መንገደኛ በስልኩ ቀርጿት ኖሮ «ጀግናዋ የገረሴ እናት» ተብላ እስከ አርባ ምንጭ ድረስ ታየች።

ዳልጮ ዱቡሻው ላይ ተነስቶ ያንኑ አነሳ።

«ሻሺቱን አከብራታለሁ» አለ። «ግን ስትሻገር አገር ሁሉ አይቷታል። ጀግና ናት። ለጀግና መንገድ ምን ያደርጋል?»

ሰዉ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ እሷን ይበልጥ ያቃጠላት ይኼው ነው።

ሽማግሌው አቶ ዳምጤ ወንድሟን ቴዎን ጠቀሱት። «እዚህ የሚናገር ሰው ይቆማል። አንተ ቁምላት፣ እሷ አትድከም።»

ቴዎ ብድግ ሊል ሲል የጋቢውን ጫፍ ይዛ መልሳ አስቀመጠችው።

«ቁጭ በል አንተ። እግር ነው የሌለኝ፣ አፍ አለኝ።» ከዚያ ወደ ዳልጮ ዞረች። «ያን ቀን እያለቀስኩ ነበር የተሻገርኩት፤ እናንተ ዝናብ መስሏችኋል። ለመሆኑ አንተ ቤትህ ለመግባት ጀግና መሆን አለብህ? ሚስትህ ውሃ ለመቅዳት? እኔ ብቻ ነኝ ለድንች ጀግና የምሆነው? እግዚአብሔር እግሬን ቢነሳኝ እጄን ትቶልኛል፤ ከእሱ ጋር ክርክር የለኝም። መንገዱን የነሳኸኝ ግን አንተ ነህ።»

ሳቁ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ራስ ለራስ ገጥመው ተንሾካሾኩና፣ በገበያ ቀን የሚያሻግሯት ሁለት ጎረምሶች እንዲመደቡላት ወሰኑ። መልካም ያደረጉ መስሏቸዋል። አቶ ዳምጤ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፦ ምድሩ ይርጋ፣ ከብቱ ይርባ፣ ቂም ይጥፋ። ሰዉ አሜን አለ። ሻሺቱ አፏን አልከፈተችም።

በዱቡሻ ሰው እንዳዘነ ምርቃት አይዘጋም፣ ሸንጎም አይበተንም። ሁሉም ያውቀዋል፤ ዳልጮም ያውቀዋል።

«አሜን በይ እንጂ ልጄ» አሉ አቶ ዳምጤ።

«ጋሼ፣ የውሸት አሜን አልልም። ሰሚው ብዙ ነው፤ ላይም አለ።»

«ሁለት ልጅ ሰጠንሽ እኮ።»

«ልጆቹን ለወላጆቻቸው መልሱልኝ። እኔ ሸክም አይደለሁም፣ መንገደኛ ነኝ።»

«ዝናቡ መጣ፣ ሻሺቱ» አለ ከኋላ አንዱ።

«ይምጣ። የቆምኩት እኔ አይደለሁም፣ አይደክመኝም።»

አሁን የሳቁት ቆሞ በቀረው በዳልጮ ላይ ነበር። ዝናቡ ጋቢ ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር ዓይን ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ሰውየው አንገቱን አከከ።

«ከብቱስ? እንሰቴን ቢበላ ማን ይጠየቃል?»

«በር ይሠራለታላ» አለች። «የሚከፈት፣ የሚዘጋ። ቴዎ አናጢ ነው፣ ያግዝሃል። ሳልፍ ራሴ እዘጋዋለሁ።»

«እሺ፣ ነገ።»

«ዛሬ።»

አቶ ዳምጤ ወደ ሰማዩ አዩ፣ ዳልጮን አዩ፣ ምርኩዛቸውን አነሱ። ሸንጎው ሳይዘጋ ተነስቶ ወደ አጥሩ ወረደ፤ ሻሺቱም ብስክሌቷን እየነዳች ከፊት ከፊት ሄደች። ዳልጮ ገጀራውን ከቤት አምጥቶ ቀርከሃውን ይቆርጥ ጀመር። አራት አምስት እንጨት ካነሳ በኋላ ቀና ብሎ የፊቱን ውሃ ጠረገ።

«ይበቃሻል?»

ሻሺቱ ክፍተቱንና ጎማዎቿን ተራ በተራ አየች።

«ድንች ተጭኖ አያሳልፍም» አለችው። «ጨምር።»