ሩብ የተባለችው ፊቲንግ

ሚስቴ ሰኞ ጠዋት ለአራት ቀን ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ አንድ አደራ ብቻ ሰጠችኝ፤ «ኮምፒውተሩን አትንካው።» አብራው አላለችኝም፣ አጥፋው አላለችኝም። አትንካው ነው ያለችው። እኔ ደግሞ አደራ ተሰጥቶኝ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም፤ ዝም ካልኩ አደራ የበላሁ ይመስለኛል።

ኮምፒውተሩ የያዘው ሥራ ቀላል አልነበረም። ሚስቴ ዝናብ ሲበዛ ጎርፉ በየትኛው ሰፈር በኩል እንደሚወርድ ታሰላለች፤ የአራት ዓመት ጥናቷ ነው። የመጨረሻውን ስሌት ከመውጣቷ በፊት አስጀምራዋለች፤ አርባ ስድስት ሰዓት ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፈታኞቿ ፊት ትቆማለች፤ ውጤቱን ካልያዘች ሌላ ቀጠሮ የምታገኘው ከዓመት በኋላ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው እንግዲህ ብሩሽ ይዤ የገባሁት።

ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ስለሚግል በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው። ከጀርባው የመኪና ራዲያተር ታናሽ ወንድም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ውሃው በሁለት ለስላሳ ቱቦዎች እየተመላለሰ ሙቀቱን እዚያ ያራግፋል። ራዲያተሩ ላይ አቧራ አየሁ። ትንሽ ዞር ላድርገውና ልጥረገው ብዬ ስስበው ቱቦው የመሳቢያው እጀታ ላይ ተጠመደና ቀጭ አለ። ቱቦውን ከራዲያተሩ ጋር የምታገናኘው የፕላስቲክ ፊቲንግ ከአንገቷ ተቀነጠሰች፤ ውሃው ወለሉ ላይ ተንዠቀዠቀ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ደግነቱ ወደ ማሽኑ ውስጥ አንድም ጠብታ አልገባም። ስሌቱ ግን ተቋረጠ።

አማቴ ከጓዳ ብቅ አሉ። ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ አርባ ዓመት ቧንቧ ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ወለሉን አዩ፣ ብሩሹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምን ስትሠራ ነው?»

«አባባ፣ ላጸዳው ብዬ…»

«ጸድቷል» አሉ። ቀጥለውም፣ «በል ደውልላትና ንገራት።»

«ይሄን ሰምታ እንዴት ትሠለጥናለች? መጀመሪያ ልጠግነውና እነግራታለሁ።»

ምሳ ሰዓት ላይ እሷው ደወለች። «እየሄደ ነው?» አለችኝ። «እየሄደ ነው» አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እስከ ዛሬ አይገባኝም። እሷ ደስ ብሏት ስልኩን ዘጋች፤ እኔ ከራዲያተሩ ፈትቼ ያወጣኋትን ስባሪ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አማቴ ስባሪዋን ተቀብለው በጣታቸው አሹዋት። «ሩብ ናት» አሉ። ሩብ ኢንች ማለታቸው ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ያልተጻፈ ነገር አላምንም። ማስመሪያ አምጥቼ ጥርስ የወጣላትን ወገቧን ለካሁት፤ አሥራ ሦስት ሚሊ ሜትር። ግማሽ ኢንች ማለት አሥራ ሁለት ከምናምን አይደል?

«አባባ፣ ይቺ ግማሽ ናት።»

«ሩብ ናት።»

«ማስመሪያው ግማሽ ይላል!»

«ማስመሪያህ ቧንቧ ሠርቶ ያውቃል?»

ይሄን ንግግር ንቄ ወደ ቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሄድኩና ባለ ግማሽ ፊቲንግ ገዛሁ። ቤት መጥቼ ሳስጠጋት የራዲያተሩን አፍ እንዳለ ውጣው ልትቀር ምንም አልቀራት። ግራ ገባኝ። አማቴ አልሳቁብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ረጋ ብለው ያስረዱኝ ጀመር።

«የቧንቧ ስም የሚወጣው በሆዱ ነው እንጂ በወገቡ አይደለም። ድሮ ሆዱ ሩብ የሆነ ቧንቧ ነበር። አሁን ሆዱም ተለውጧል፣ ስሙ ነው የቀረው።»

«እና ከዚህች ዕቃ ሩብ የሆነው ምኗ ነው?»

«ምኗም።»

ማስመሪያዬን ወደ መሳቢያው መለስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ስባሪዋን በመሐረብ ቋጥሬ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። የቧንቧ ዕቃ ሻጩ ለቤት የሚሆን እንጂ እንዲህ ያለ ደቃቃ የለኝም አለ። የመኪና መለዋወጫ ሻጩ «ቀላል ነው» ብሎ አንዷን ሰጠኝ፤ ቤት ወስጄ ስሞክራት አንድ ተኩል ዙር ገብታ ተነከሰችና ከአማቴ ጋር ለማውጣት አሥር ደቂቃ ፈጀብን። የዓሣ ገንዳ የሚሸጠው ሰውዬም «ቀላል ነው» አለኝ፤ የእሱ ፊቲንግ ጭራሽ ጥርስ የላትም። በዚያን ቀን «ቀላል ነው» ያለኝን ሰው ሁሉ አንገቱን ብይዘው ደስ ይለኝ ነበር። ዕውቀቱ ሁሉም ዘንድ አለ፤ ዕቃዋን ግን የያዘ የለም።

በመጨረሻ የአየር ኮምፕሬሰር የምትጠግን ሴትዮ ዘንድ ደረስኩ። ስባሪዋን አልለካቻትም። አየት አደረገቻትና ከአንድ ጣሳ ውስጥ ቢጫ የነሐስ ፊቲንግ አውጥታ በትንሽ ከረጢት ሰጠችኝ። ከረጢቱ ውስጥ ቀጭን ጥቁር የጎማ ቀለበት ነበረች። «ጎማዋን እንዳትጥላት» አለችኝ። ለምን ብዬ ልጠይቅ ስል ከኋላዋ ያለው ኮምፕሬሰር ተነሥቶ ጆሯችንን ደፈነው። ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ፤ የማያውቁትን ነገር ራስ ነቅንቆ መቀበል የመሥሪያ ቤቴ ልማድ ነው።

በመንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ። «ስንት ደረሰ?» «ግማሽ አልፏል» አልኳት። ውሸት እንደ አሮጌ ቧንቧ ነው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ከሰዓት በኋላ አማቴ የድሮ የሥራ ሳጥናቸውን ከፍተው መነጽራቸውን አደረጉ። ከሳምንታት በኋላ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ጎማዋን በሁለት ጣት አንሥተው አዩዋት። «ይቺ የአሻንጉሊት ቀለበት ናት» ብለው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ጣሏት። ከዚያ ቧንቧ የሚታሸግበትን ነጭ የቴፍሎን ጥብጣብ በፊቲንጓ ጥርስ ላይ አሥር ዙር ጠመጠሙ፣ በእጃቸው አስገቡ፣ በብሎን ቁልፍ አጠበቁ። ውሃ ሞልተን የሚያመላልሰውን ፓምፕ ለብቻው አስነሣነው።

ጠብ።

«ቴፍሎኑ አንሶ ነው» አሉ። አሥራ አምስት ዙር አደረጉት። ጠብ። «ዘመናዊ ነገር!» ብለው ቃጫ አምጥተው ቀለም ነክረው ጠመጠሙ፤ በእሳቸው ጊዜ ስንት ሕንፃ በዚህ ቆሟል። ትንሽ ቆየና ጠብ። ጠብ ሲል ስንደፍን፣ ጠብ ሲል ስንደፍን ፀሐይ ጠለቀች። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ዕቃዋን ይሰድባል፣ ሻጯን ይሰድባል። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው የገዛ እጃቸውን ያዩ ጀመር፤ መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን። በእኔ ብሩሽ ጦስ የሳቸው አርባ ዓመት ሲጠየቅ ማየት አልፈለግኩም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለታችንም ወደ ሴትዮዋ ሄድን። ቀለም የለቀለቀውን ፊቲንግ ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችን ነገር፣ «ጎማዋስ?» የሚል ነው።

አማቴ ኪሳቸውን ዳበሱና አወጧት።

«አባቴ፣ እርስዎ የቧንቧ ሰው ነዎት መሰለኝ» አለቻቸው በትሕትና። «የቧንቧው ጥርስ ወደ ኋላ እየወፈረ ስለሚሄድ ሲያጠብቁት ራሱ ይጣበቃል። ይቺ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ናት። ጥርሷ ይዞ ለማቆም ብቻ ነው፤ ውሃውን የምትይዘው ጎማዋ ናት። ቴፍሎን ሲበዛ ጭራሽ ተጠግታ እንዳትቀመጥ ያደርጋታል። ጎማዋን ያስገቡላትና በእጅ ያጥብቋት። በቃ።»

«በእጅ?» አሉ አማቴ።

«በእጅ።»

«ቁልፍ ሳይነካት?»

«ቁልፍ ከነካት ጎማዋ ትቆረጣለች።»

አማቴ ራቁትህን አደባባይ ውጣ የተባሉ ያህል ደነገጡ። መንገዱን በሙሉ «በእጅ!» እያሉ ነው የመጡት።

ቤት ደርሰን ቃጫውንና ቀለሙን ከራዲያተሩ ጥርስ ውስጥ በመርፌ ስንለቅም ረፋዱ አለቀ። ጎማዋ ገባች፣ ፊቲንጓ በእጅ ጠበቀች። የአማቴ እጅ ሁለት ጊዜ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቁልፉን ከኋላዬ ደበቅኩት። «ሩብ ዙር ብቻ» ብለው ለመኑኝ። «ስለ ሩብ አያንሡብኝ፣ አባባ» አልኳቸው። ፓምፑን አስነሣን፣ ፊቲንጓን በሶፍት ጠቀለልናት፣ ወንበር ስበን ተቀመጥን።

በዚህ መሐል ሚስቴ ደወለች። «አለቀ አይደል?» «ሊያልቅ ነው» አልኳት። አማቴ ሰምተውኛል። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሶፍቱ ተመለሱ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶፍቱን ፈታሁት። ክው ብሎ የደረቀ! ተነሥቼ አማቴን አቀፍኳቸው፤ እሳቸውም ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን አበራሁና ስሌቱን እንደ አዲስ አስጀመርኩት። ስክሪኑ ላይ «ቀሪ ጊዜ፦ 46 ሰዓት» የሚል መጣ።

ከዚያ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ከረቡዕ ስምንት ሰዓት እስከ ሐሙስ ስምንት ሰዓት፣ ሃያ አራት። እስከ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ሌላ አሥራ ዘጠኝ። አርባ ሦስት። እንደገና ቆጠርኩ፣ ያው አርባ ሦስት። ሦስት ቀን ሙሉ ሚሊ ሜትር ስቆጥር ሰዓት መቁጠር ረስቼ ነበር።

አማቴ ስልኬን ከጠረጴዛው አንሥተው እጄ ላይ አኖሩት።

ደወልኩላት። ከክፍል ስትወጣ የበሩ ድምፅ ተሰማኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ብሩሹን፣ ፊቲንጓን፣ «እየሄደ ነው» ያልኳትን፣ «ግማሽ አልፏል» ያልኳትን፣ የዛሬውንም። ትጮህብኛለች ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። አልጮኸችም።

«ስሌቱን አቁመው» አለች። «የማስጀመሪያው ፋይል ሁለተኛ መስመር ላይ ካርታው በቁመትም በወርድም በስንት እንደሚከፈል የሚናገር፣ ሁለት መቶ የሚል ቁጥር አለ። አንድ መቶ አድርገውና እንደገና አስጀምረው።»

ያለችኝን አደረግኩ። «ቀሪ ጊዜ፦ 12 ሰዓት።»

«ዛሬ ሌሊት ያልቃል» አለች። «ካርታው ትንሽ ሻካራ ይሆናል እንጂ ለፈተናው ይበቃል።»

እፎይ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «ተመስገን! እኔ እኮ…»

«ይሄኛው ቤት ባለው አሮጌ ላፕቶፕም ይሠራ ነበር» አለችኝ። «ሰኞ ዕለት ብትነግረኝ ኖሮ፣ ውሃውም ፊቲንጓም አያስፈልጉም ነበር።»

ሰኞ ዕለት። ከሱቅ ሱቅ ሳልዞር፣ የአማቴ እጅ ሳይጠየቅ፣ አንድ ስልክ። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አልኳት፤ ስናገረው ለእኔም እውነት አልመሰለኝም።

«አሁንስ? ይንጠባጠባል?» አለች።

«ኧረ ደርቋል! አንድም ጠብታ የለም!» ሶፍቱ እጄ ላይ ነው፤ ደረቅ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ስለዚህ ማሽን ያለ ጥርጣሬ ልታምነኝ የሚገባት ነገር ቢኖር ይሄ ነበር።

«አባዬን ስጠኝ» አለችኝ።

«እውነቴን ነው እኮ የምልሽ፣ ሶፍቱ ይኸው…»

«አባዬን ስጠኝ።»

ስልኩን ለአማቴ ሰጠኋቸው። አዳመጧት። ከዚያ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና የፊቲንጓን ሥር በጣታቸው ዳበሱ።

«ደረቅ ነው፣ ልጄ» አሏት።

ያኔ አመነች።