ሐራራ አይደለም

ድሬ ዳዋ ውስጥ በቀትር የሚያንቀላፋን ሰው ማን ልብ ይላል? ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁም ባለሱቁም ይተኛል። የናዲፋ በሽታ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ የቀረው በዚሁ ነው። ልጅቷ ግን ማለዳም ትተኛለች፤ ባጃጅ ላይ ትተኛለች፤ የጎረሰችውን ሳትውጥ ትተኛለች። ልብስ ፋብሪካ ከተቀጠረች ወዲህማ የስፌት መኪናው እየሮጠ ዓይኗ ይከደናል። አንዴ የቀሰቀሳት መርፌው ነው፤ ጣቷን በስቶ።

የክፍሉ ሱፐርቫይዘር ወልደማርያም ምርመራውን በአንድ ቃል ጨረሰው፤ ሐራራ። በድሬ ከሰዓት በኋላ ያዛጋ ሁሉ ጫቱ የዘገየበት ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ማን ሐኪም ይጠራል! ናዲፋ ግን በሕይወቷ አንድ ቅጠል አፏ ውስጥ አስገብታ አታውቅም። ወልደማርያም ጫት ፍለጋ ቦርሳዋን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አስፈተሸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው፤ የተገኘው ማበጠሪያና ግማሽ ሳንቡሳ ነበር። ናዲፋ ተናደደች። ልትናገር አፏን ስትከፍት ጉልበቷ ከዳትና ተዘረረች። አሁን ደግሞ ምርቃና ነው ተባለ! በአንድ ቀን ጫቱ የጎደላትም የበዛባትም እሷው ሆነች።

በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ሄዳ ተመረመረች፤ ዶክተር እፀገነት ናርኮሌፕሲ የሚባል የእንቅልፍ በሽታ እንደያዛት ነገሯት። ስትስቅ ወይም ስትቆጣ ጡንቻዋ የሚከዳትም በዚያው ምክንያት ነው። በመድኃኒትና በአጭር ዕረፍት መሥራት እንደምትችል ጽፈው ሰጧት። ወልደማርያም ወረቀቱን ሳይገልጥ መለሰላት፤ እንቅልፍ በሽታ ከሆነማ አገሩ ሁሉ ሐኪም ቤት በተኛ ነበር ብሎ። ይህን የሚለው እሱ፣ ከምሳ በኋላ የጨርቅ ጥቅል ተንተርሶ የሚያንኮራፋው! የእሱ ዕረፍት ይባላል፣ የእሷ ሱስ።

ወልደማርያም ትባረርልኝ ብሎ አመለከተ፤ ስንብቷን የሚወስነው ኮሚቴም ዓርብ ጠዋት ተሰበሰበ። እናቷና ሁለት እህቶቿ የሚበሉት ከዚያች ደመወዝ ነው። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ይርገዱ የምትናገሪው ካለ ሲሏት ናዲፋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ወንበሩንም ትታ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ለምን መሬት ላይ ተብላ ተጠየቀች።

«ልናደድ ስለሆነ ነው» አለች። «ስወድቅ ይህን አንብቡልኝ። ዝም ብል እንኳ እሰማለሁ፣ ወላሂ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ የተፈተሸውን ቦርሳ፣ የተወጋውን ጣት፣ ስድስቱን ዓመት። መሀል ላይ አገጯ ተንጠለጠለ፣ አንገቷ ዘመመ፣ በጎኗ ወደቀች።

«ይቺን ሱሰኛ አውጥታችሁ ጣሉልኝ» አለ ወልደማርያም።

ይርገዱ ወረቀቱን አንስተው ጮክ ብለው አነበቡ። ሰውነቷ ቢወድቅም አእምሮዋ ንቁ ነው፤ በዙሪያዋ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች ይላል። ወልደማርያም መሬት ላይ የተጋደመችውን ልጅ አየ፤ ዓይኗ እሱው ላይ ነበር።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የናዲፋ ምላስ ተፈታ። ገና እንደተጋደመች፣ «አቶ ወልደማርያም አሁን ያሉት ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ» አለች።

ይርገዱ ለፊርማ የቀረበላቸውን የስንብት ደብዳቤ ሁለት ቦታ ቀደው ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ጻፍ» አሉት። «አንዲት ቃል እንዳትቀር።»