የአየር መግቢያዋ ቀዳዳ

ያረጋልና ዑስማን ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ፎቶኮፒ ቤት የከፈቱት ከኮሌጅ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዑስማን ፎቶ ያነሳል፣ ደንበኛ ያነጋግራል፣ አኩራፊውን ሁሉ ያስቃል። ያረጋል ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ የተበላሸ ዕቃ እጁ ከገባ ሳይፈታው አያርፍም። ዑስማን የቡሬ ልጅ ነው። ሚስቱ ዙለይካ፣ ትንሽ ልጁና እናቱ እማማ ሁስና እዚያው ስለሚኖሩ ሳምንቱን ፍኖተ ሰላም ሠርቶ ሐሙስ ከሰዓት ለጁምዓ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ቤቱን ያስጠራው የባለ ቀለም ፎቶው ነው። ቀለሙ ግን አይበረክትም። የፕሪንተሩን ካርትሪጅ ላየው ብዙ የያዘ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ቀለም ከሁለት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። አንድ ቀን ያረጋል ያለቀ ካርትሪጅ በብረት መጋዝ ለሁለት ሰነጠቀና ውስጡን አየው። ቀለሙን ይዞ የሚያቆይ ስፖንጅ አለ። ከታች ቀለሙ የሚወጣበት አፍ፣ ከላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ቀዳዳዋ አየር መግቢያ ናት። ከታች ቀለም በወጣ ቁጥር ከላይ አየር ካልገባ ቀለሙ ባለበት ይቆማል። ይህን ሁሉ በደብተሩ ላይ ሣለው።

ከዚያ የራሱን ሠራ። አራት ጠርሙስ ከፕሪንተሩ ጎን ደረደረ፤ ከየጠርሙሱ በግሉኮስ ቱቦ ቀለም ወደ ባዶዎቹ ካርትሪጆች እንዲሄድ አደረገ። ሦስት ወር ፈጀበት። የመጀመሪያው ፎቶ ጥርት ብሎ ሲወጣ ዑስማን ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ይኼማ ላም ነው» አለ። «ማለብ ብቻ ነው የቀረን።»

ዓመት ከመንፈቅ ያህል እንዲያ ሠሩ። ከሽንዲና ከደምበጫ ድረስ ሰው ይመጣባቸው ነበር።

በግንቦት ወር ግን ቀለሙ መንጠባጠብ ጀመረ። የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ላይ ሰማያዊ ጠብታ አረፈና ፊቷን አበላሸው። ዑስማን የሙሽራዋን ቤተሰብ ለምኖ፣ አስቆ ሸኛቸውና ወደ ያረጋል ዞረ።

«ጠርሙሶቹን ትንሽ ዝቅ አድርጋቸው፤ ከፍ ስላሉ ይመስለኛል። ሌላውን አትነካካው፤ የሚሠራ ነገር ነው።»

ያረጋልን ይህ ከነከነው። «የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የማደርገውን አውቃለሁ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ዑስማን ሳይመጣ የካርትሪጆቹን የአየር ቀዳዳ በማጣበቂያ ደፈናቸው። አየር ካልገባ አይንጠባጠብም ብሎ ነው። የዚያን ቀን የሁለት መቶ ተማሪዎች የፈተና ፎቶ መታተም ነበረበት። የመጀመሪያዎቹ ሃያዎቹ አምረው ወጡ። ከዚያ ቀዩ እየሳሳ ሄዶ የልጆቹ ፊት አረንጓዴ መሰለ። ቀጥሎ ባዶ ወረቀት ይወጣ ጀመር። ያረጋል ቀለሙ ይመጣል ብሎ ማሽኑን ደጋግሞ አስነሳው። ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨው ክፍል፣ ባለሙያዎች ሄድ የሚሉት፣ በደረቁ ሲሠራ ቆይቶ ተቃጠለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው።

ያኔ ምን እንዳደረገ ገባው። ማጣበቂያውን በምላጭ ፈቅፍቆ ሳይጨርስ ዑስማን ገባ።

«ምን ነካው?»

«ሄዱ ሞተ።»

«በምን?»

ያረጋል ቀና ብሎ አላየውም። «ዕድሜው ነው» አለ።

ዑስማን አልተጠራጠረም። ባሕር ዳር ያለ ነጋዴ ጋ ደወለ። ነጋዴው አንድ ሄድ ብቻ እንደቀረው፣ ቀድሞ ለመጣ እንደሚሰጠው ነገረው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ፎቶውን የሚፈልገው ለሰኞ ነበር።

«እኔ ልሂድ» አለ ያረጋል።

«አንተማ አሮጌውን በአዲስ ዋጋ ሸጠው ይልኩሃል» ብሎ ሳቀ ዑስማን። «ቱቦዎቹን አጥበህ ጠብቀኝ። ነገ እዚህ ነኝ።»

በማግስቱ ከባሕር ዳር ሲመለስ፣ ከቲሊሊ ወዲህ ባለው መታጠፊያ ዝናብና ጉም ነበር። ሚኒባሱ መንገድ ስቶ ተገለበጠ። ዑስማንና ሌሎች ሁለት ሰዎች እዚያው ሞቱ።

ያረጋል ቡሬ ሲደርስ ሰዉ መቃብሩ ላይ አፈር እየመለሰ ነበር። ከአንዱ ሰው እጅ አካፋ ተቀብሎ እሱም አፈር መለሰ። እማማ ሁስና ቤት ሲገባ እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«አንተም ወንድምህን ቀበርክ፣ ልጄ» አሉት።

በሦስተኛው ቀን ሊሰናበት ሲነሳ የዑስማንን ቦርሳ አምጥተው ሰጡት። «ለሥራችሁ የገዛው ዕቃ ነው አሉ። ከእኛ ጋ ምን ይሠራል? ውሰደው።»

ሄዱ በዑስማን ሸሚዝ ተጠቅልሎ ነበር። አንድም ጭረት አልነካውም። ያረጋል ፍኖተ ሰላም ተመልሶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። የተማሪዎቹን ፎቶ ሌላ ቤት አሳተመው። እሱ ጥቁርና ነጭ በሚያትመው ማሽን ብቻ መሥራት ቀጠለ፤ ባለ ቀለም የሚጠይቀውን ሁሉ «የለም» ይላል።

ዙለይካ የሐዘን ጊዜዋን፣ አራት ወር ከአስር ቀን፣ ከቤት ሳትወጣ ጨረሰች። በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ፎቶኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«የዑስማንን ሥራ አስተምረኝ» አለችው። «ልጄም እማማም እኔኑ ነው የሚያዩት። የሰው እጅ ማየት አልፈልግም።»

አስተማራት። ኮፍያ ትጠልፍ ስለነበር እጇ አይንቀጠቀጥም፤ አንዴ ያሳያትን ሁለተኛ አትጠይቅም። በአራተኛው ቀን ሄዱን ከመሳቢያው አወጣና አብረው ሊገጥሙት ጋዜጣ ዘርግተው ተቀመጡ። ዙለይካ አንዱን ካርትሪጅ አንስታ አገላበጠችው፤ የያረጋልን ደብተር ከፍታ ከሥዕሉ ጋር አስተያየችው።

«ይቺ ቀዳዳ ምንድን ናት?»

«አየር መግቢያ ናት።»

«ብትዘጋስ?»

«ቀለሙ ይቆማል። ሄዱ በደረቁ ይሠራና ይቃጠላል።»

ዙለይካ በጥፍሯ የቀዳዳዋን ዙሪያ ጫር ጫር አደረገች። የደረቀ ነገር ተላቆ ጣቷ ላይ ቀረ።

«ማጣበቂያ ነው?»

ያረጋል ሌላ ነገር ማለት ይችል ነበር። ፋብሪካው ነው ቢላት ታምነዋለች። አምስት ወር ሙሉ ይህን ጥያቄ ማንም እንዳይጠይቀው ሲፈራ ኖሯል፤ አሁን ሲጠየቅ ግን መዋሸቱ ደከመው።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለ።

«ዑስማን ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ዕድሜው ነው አልኩት።»

ዙለይካ ካርትሪጁን ጋዜጣው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረገች፤ ቀለሙ አልለቅ አላት። ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ያረጋል ከተቀመጠበት አልተነሳም።

አስራ አንድ ቀን ጠፋች። ደውሎ ሊጠይቃት ስልኩን ያነሳና መልሶ ያስቀምጠዋል። በአስራ ሁለተኛው ቀን መጣች፤ ሳትቀመጥ ተናገረች።

«ለእማማ አልነገርኳቸውም፤ አንተም አትነግራቸውም። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩህ፤ በአንድ ዓመት ሁለት ልጅ አይቀብሩም።»

ያረጋል ራሱን ነቀነቀ።

«ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አልችልም። አላህ አንድ ቀን ያስችለኝ ይሆናል፤ አላውቅም። መኪናውን የገለበጥከው አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እውነቱን ብትነግረው እኮ ይስቅብህ ነበር። ሲስቅብህ ይውልና ያው ባሕር ዳር ይሄድልህ ነበር። ባሌ እንዲያ ነው። ስቆ ቢሄድ ምን ነበረበት?»

ያረጋል ዑስማን ከሞተ ወዲህ ሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም። ያን ዕለት ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ። ዙለይካ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የቀረውን አስተምረኝ» አለች።

ሁለት ሳምንት ተማረች። ከሙያ ውጪ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሲጨርሱ ያረጋል ፕሪንተሩን፣ ጠርሙሶቹንና ደብተሩን ጠቅልሎ መናኸሪያ ድረስ ተሸከመላት። አልፈልግም አላለችም፤ አላመሰገነችውም። ቡሬ ገበያው ዳር ትንሽ ክፍል ተከራይታ ሥራ ጀመረች። ከመናኸሪያው ሹፌሮች እንደሰማው ፎቶዋ ተወድዷል።

በመጋቢት ለዒድ እማማ ሁስና ራሳቸው ደወሉለት። «ዑስማን ሳለ ቀርተህ አታውቅም፤ አሁን የምትቀረው ምን ሆነህ ነው?» አሉት። ሄደ። እማማ ስለ ዑስማን ልጅነት አወሩለት፣ መሐል ላይ እያለቀሱ፣ መሐል ላይ እየሳቁ። ያረጋል መሬት መሬት እያየ አዳመጣቸው። ደግ ሲናገሩት ነበር የሚብስበት።

ዙለይካ ከጓዳ ወጣች። ያረጋል የሁዳዴ ጾም ላይ መሆኑን ታውቃለች፤ ለእሱ ለብቻው ያለ ቅቤ የጋገረችውን ዳቦና ማር በሳህን ይዛ ፊቱ አስቀመጠችለት። ዓይኑን አላየችውም።

«ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለችው።

ተመልሳ ወደ ጓዳ ገባች። ያረጋል ከዳቦው ቆረሰና እማማ እያዩት መብላት ጀመረ።