ሬሳውን ማን ሰጣት?

በሽብሩ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ ልጅ መቅበር ቀርቶ ለልጅ ማልቀስም ያስገድል ነበር። አገርነሽ ይህንን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የፋብሪካ ጥጥ ፈታይ ናት። አንድ ማለዳ ከልጇ ከወለላ ጋር ወደ ከተማ ስትወጣ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ከተረፈረፉት ወጣቶች መካከል የበኩር ልጇን አለበልን አየችው። ደረቱ ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ሬሳውን ሳይሆን አላፊ አግዳሚውን ነበር የሚያዩት፤ ደንግጦ የቆመ፣ እንባ የቀደመው ሁሉ «የነሱ ወገን ነው» ተብሎ ይታፈሳል። አገርነሽ የወለላን አፍ በነጠላዋ አፍና፣ የገዛ ልጇን እንደማታውቀው ሰው አልፋው ሄደች። ስትመለስ ሬሳዎቹን መኪና ጭኗቸው ኖሯል፤ የት እንደተጣሉ የሚነግራት አላገኘችም።

ከዚያ ወዲህ ጥቁር አልለበሰችም፣ ተዝካር አላወጣችም። ድሮ በሰፈሩ አንደኛ የተባለች አልቃሽ ነበረች፤ እሷ ሙሾ ያላወረደችለት ሟች እንደ ሞተ አይቆጠርም ይባል ነበር። አሁን ለቅሶ ቤት ሄዳ ጥግ ይዛ ትቀመጥና «ጉሮሮዬን አሞኛል» ትላለች። ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው። አፏን ከከፈተች የሚወጣው የአለበል ስም መሆኑን ስለምታውቅ ነው። እሱ ከወጣ ደግሞ የቀረቻት አንዲቷ ወለላ ልትወሰድባት ነው። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ዓመታቱን ገፋቻቸው።

በሰባ ሦስት ክረምት ቀበሌው «እናቶች ሁሉ ለስብሰባ!» ብሎ አስለፈፈ። ሰብሳቢው ጓድ ሀብቴ ነው። እናቱ ሀብተ ሥላሴ ብላ ያወጣችለትን ስም፣ ካድሬ ሲሆን ሥላሴን ከሥራ አሰናብቶ ግማሹን ብቻ ያስቀረ ሰው ነው። ይህ ሰው ንግግር ከጀመረ ውኃ የሚጠማው እሱን ሳይሆን ሰሚውን ነው። የዚያ ሰሞን ወሬው ሁሉ አየርላንድ ሆነ። በእንግሊዝ እስር ቤት ያሉ የአየርላንድ ወጣቶች «እኛ የፖለቲካ እስረኞች እንጂ ሽፍቶች አይደለንም» ብለው እህል አንቀምስም አሉ፤ እየተከታተሉም በረሃብ ሞቱ። የእስረኞቹ ቤተሰቦች ማኅበር ኖራ የምትባል ሴት ልኳል፤ አገር ላገር እየዞረች ስለ እነሱ ትናገራለች፣ የሌላውንም አገር እስረኛ ጉዳይ ትሰማለች። የሷም ወንድም እዚያው እስር ቤት ነው። እንግሊዝን የሚያወግዝ ሁሉ ወዳጅ በሆነበት ዘመን ደርግ ጋብዟት ባሕር ዳር ድረስ መጣች።

ጓድ ሀብቴ ግን በንግግር ብቻ አልረካም። እንባ ፈለገ። አገርነሽን አስጠራት።

«ጓዲት አገርነሽ፣ አልቃሽ ነበርሽ አሉ። ለአየርላንድ ሰማዕታት ሙሾ ታወርጃለሽ።»

«ጉሮሮዬን ያመኛል፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ የሚባል ነገር ቀርቷል። ይሄ አብዮታዊ ግዴታ ነው።»

አገርነሽ ቤቷ ገባች። ለልጅሽ እንዳታለቅሺ ያላት መንግሥት ለሰው አገር ልጅ አልቅሺ ይላታል! ነገሩን ስትነግራት ወለላ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«እማዬ፣ ስሙን እንዳትጠሪው። በሞቴ እንዳትጠሪው።»

«አልጠራውም፤ ባንቺ እምላለሁ» አለች እናትየው።

የስብሰባው ቀን የቀበሌው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ወለላ ከወጣቶቹ ጋር ከፊት ተቀምጣለች። አገርነሽ አጠገብ ጎረቤቷ ሐቢባ አለች፤ ባሏ ታንኳ ሠሪ ነው፣ እሷ ዓሣ ትሸጣለች። ኖራ ፊቷ በጠቃጠቆ የተሞላ ቀጭን ሴት ናት። ካጠገቧ የእንግሊዝኛ አስተማሪው አስናቀ ለማስተርጐም ቆሟል። ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጠረና ፎቶግራፎች በመብራት ይታዩበት ጀመር። መጀመሪያ የታየው ሳቂታ ወጣት ነው። ቀጥሎ የሬሳ ሣጥን። ከሣጥኑ ኋላ አንዲት እናት ጥቁር ለብሳ ፊቷን በመሐረብ ይዛ ታለቅሳለች፤ ከሷ ኋላ ደግሞ መጨረሻው የማይታይ ሕዝብ ዝናብ እየመታው ይከተላል።

«ተመልከቱ የኢምፔሪያሊዝምን ጭካኔ!» አለ ጓድ ሀብቴ።

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼኔ ነው። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ፤ ያስደነገጣቸው ግን እሱ ያለው ጭካኔ አልነበረም። ሐቢባ ወደ አገርነሽ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ሣጥኑ ውስጥ እውነት ልጇ አለበት?»

አገርነሽ እንዴት ብድግ እንዳለች ራሷም አላወቀችም። «እንግዳዋን አንድ ነገር ልጠይቃት» አለች። ካድሬው ሰፊው ሕዝብ ጠየቀ ብሎ ደስ አለው፤ በእጁ ጠይቂ አላት።

«ሬሳውን ማን ሰጣት?»

አስናቀ ተረጐመ። ኖራም መልስ ሰጠች፤ አስናቀ «እስር ቤቱ ነው ለቤተሰቡ ያስረከበው» ብሎ አሰማቸው።

«ያው የገደለው መንግሥት?»

«ያው ራሱ።»

«እንዲህ በአደባባይ ስታለቅስ ወታደሮቹ አልነኳትም?»

ኖራ ጥያቄው ግራ አጋባት። አስናቀን ደግመህ ንገረኝ አለችው፤ ከዚያ መለሰች። አስናቀ ቃሏን ሲያደርስ ድምፁ ወረደ።

«‹ለምን ይነኳታል? የገዛ ልጇ እኮ ነው› ነው የምትለው።»

ጨካኝ ነው እየተባለ ጧት ማታ የሚሰደበው እንግሊዝ ሬሳ ይሰጣል! የገዛ ልጅ ስለሆነ እናት ታለቅሳለች! አገርነሽ ራሷ ላይ ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ጓድ ሀብቴ ነገሩ ከእጁ ሊያመልጥ መሆኑ ሲገባው «ሙሾ! አሁን ሙሾ!» ብሎ ጮኸ።

አገርነሽ ነጠላዋን አደገደገች። ድምፁ ከየት እንደ መጣ እንጃ፤ ወጣ።

«የማዶው ልጅ አንተ፣ ምንኛ ታደልህ፣
እናትህ አልቅሳ በወግ ቀበረችህ።
ለቅሶም ማዕረግ ሆኗል ለካስ በሰው አገር፤
እኔስ ቀናሁባት፣ እናትህ ስትቀብር።»

እንባው እንደ ጎርፍ ፈረሰ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተነሡ፤ የታዘዘ ለቅሶ ነውና ማን ይከልክላቸው? አገርነሽ ግን ጥርሷን ነክሳ የአለበልን ስም ወደ ውስጥ መለሰችው። ማለች አይደል? ማልቀሴ ብቻ ይበቃኛል ብላ ሳለ፣ ከፊት ከወጣቶቹ መካከል የሚሰነጥቅ ጩኸት ተሰማ።

«አለበል! ወንድሜ አለበል! ሳንቀብርህ!»

ወለላ ናት። በሞቴ ብላ እናቷን ያስማለች ወለላ! አገርነሽ ደሟ ቀጥ አለ። ሰው እየገፋች ሮጠችና የልጇን አፍ ልትይዝ እጇን ሰደደች፤ ግን ቃሉ ወጥቷል፣ የወጣ ቃል አይመለስም። ለቅሶው ቀስ እያለ ረገበ። ኖራ የሞቱትን ልጆች ስም በቃሏ ታውቃለች፤ ይህ ስም ከነሱ ውስጥ የለም። ወደ ልጅቱ ጠጋ ብላ በተሰባበረ አነጋገር ጠየቀች።

«አለበል?»

ያንን ማስተርጐም አላስፈለገም። አገርነሽ ሦስት ዓመት የፈራችው ነገር እነሆ መጣ፤ ከመጣ ደግሞ ልጇን ብቻዋን ልታስበላት አልፈለገችም።

«ልጄ ነው» አለች ጮክ ብላ። «ገድለው መንገድ ላይ ጥለውት አየሁ። እንዳላወቀ ሰው ሆኜ አልፌው ሄድሁ። አላለቀስሁለትም፣ አልቀበርሁትም። እኔ እናቱ!»

አስናቀ ካድሬውን አየ፤ ሴትየዋን አየ። ከዚያ አንዲት ቃል ሳያስቀር ተረጐመው። ኖራ ፊቷ ነጭ ጨርቅ መሰለ። ስታወግዘው ከኖረችው የባሰ ነገር ጋባዧ ቤት ይገኛል ብላ አልጠረጠረችም ነበር። ወደ ጓድ ሀብቴ ዞራ፣ የእንግሊዝን ሹማምንት በምትጠይቅበት በዚያው ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለ ጓድ ሀብቴ።

«እርስዎን ነው የምትጠይቀው» አለ አስናቀ። «‹የልጁ ሬሳ የት ነው?› እያለች ነው።»

የጓድ ሀብቴ ያ ሁሉ ንግግር የት እንደገባ እንጃ! ሴቶቹ መልሱን ሊሰሙ ወደ እሱ ዞሩ። ያኔ ሐቢባ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ልጇ ሱዳን ገብቷል፣ ደብዳቤም ይልካል እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ታወራ ነበር፤ አገርነሽም አምናት ኖራለች።

«የኔስ?» አለች ሐቢባ ጣቷን ወደ ካድሬው ቀስራ። «የኔስ መስዑድ?»