ከማጠቢያው ሥር

«ይኼ ነገር አሁንም ያፈሳል እንዴ?» አለች የሟቹ ታላቅ እህት፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ኩሽና ገብታ። «ሰው ሊመጣ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ውሃ ሲያፈስ ምን ይባላል?»

ሚስቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ ታያታለች። ባሏ ከተቀበረ ገና ሁለት ሰዓቱ ነው። እህትየዋ ተንበርክካ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን መገጣጠሚያ በአሮጌ ፎጣ ጠቀለለችና በገመድ አጥብቃ አሰረችው።

«በል እስኪ አሁን አፍስስ!» አለችው ቱቦውን።

ሟቹ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ጠብታ» ይለዋል። የራሱን ማጠቢያ ግን «እሁድ እሠራዋለሁ» እያለ ስምንት ዓመት አቆይቶታል። እሁድ ሲመጣ ይተኛል። ሚስቱ ስትነዘንዘው፣ «እኔን ለመጥራት ቀጠሮ ይያዛል፤ አንቺ ቀጠሮ የለሽም» ይላታል። በሰው ቤት ሲሆን ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ቱቦው ላይ ጨርቅ ታስሮ ካገኘ መሣሪያውን ሳያወርድ ይቆጣል። «ጨርቅ አትወትፉ አላልኩም? ውሃ መሄጃ ሲያጣ ግድግዳ ነው የሚበላው። ቶሎ ጥሩኝ!»

በማግስቱ ከየጎረቤቱ የመጡት ወንበሮች ሞሉ። ሰዎቹ ሻይ ይዘው ያንሾካሹካሉ፤ የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ደግሞ ከጩኸት ይልቅ ይሰማል።

«ምን ነበር ሕመሙ?»

«ያ ክፉ በሽታ ነዋ።»

«ታክሞ አልነበር?»

«ታክሞማ ነበር። መድኃኒቱ ራሱ አይቻልም ይላሉ። የኔ አጎት ፀጉሩን ጨርሶበት...»

«ያንተ አጎት ድሮስ ፀጉር ነበረው?»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የሟቹ እህት ግን ሻይዋን አስቀመጠች። «በሽታው አይደለም ወንድሜን የገደለው» አለች። «ያቺ ነርስ ናት። ስልክ ደውላ ‹እንዴት ናቸው?› ብላ ዘጋች። እሱ እዚህ አንጀቱ እያለቀ! ለሆስፒታሉ አቤቱታ ጽፌያለሁ። ሰኞ አስገባለሁ፤ ከሥራዋ ካልተነሳች እኔ ሰው አይደለሁም።» ቦርሳዋን መታ መታ አደረገችው። ደብዳቤው እዚያ ነው።

ሚስቲቱ የያዘችው ብርጭቆ እጇ ላይ ቀዘቀዘ።

የባሏ ሦስተኛ ዙር ኬሞ፣ የካንሰሩ መድኃኒት፣ ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ ለሁለት ሳምንት ተላልፎበት ነበር። እነዚያን ሁለት ሳምንታት ዕጢው በሰዓት በሰዓት የሚያድግ እየመሰለው ጎኑን ሲዳስስ ከረመ። አራተኛውን በወሰደ በአምስተኛው ቀን ተቅማጡ ጀመረው። እስከ እኩለ ቀን ሰባት ጊዜ። ማቀዝቀዣው ላይ ከሆስፒታል የተሰጠ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ካለ በዚያው ቀን ይምጡ» ይላል። ተነስቶ ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገልብጦ ለጠፈው።

«ከነገርናቸው እንደገና ያዘገዩብኛል» አላት።

«ሰውነትህ እኮ እሳት ነው።»

«የትኩሳት ክኒን ውጬበታለሁ። አንቺ የሚያቆም ነገር ግዢልኝ። ሁለት ዙር ነው የቀረኝ፤ ሁለት!»

ባለ ፋርማሲው «ለማን ነው?» ሲላት «ለእኔ» አለችው።

ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ነርሷ ናት። ትኩሳት አለ? ተቅማጥስ? ባሏ ፊት ለፊቷ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። «ደህና ነው ሲስተር» አለች። «እንዲያውም ሾርባ እየጠጣ ነው።» ሾርባውን ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አታውቅም።

ክኒኑ ሠራ። «አየሽ? ቆመ!» አላት፤ እጁን ጨብጦ እንደ ልጅ ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ አንሶላ ሲነካው ይጮህ ጀመር። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ «መቼ ጀመረው?» ሲል ጠየቃት።

«ትናንት» አለች።

ሐኪሙ በኋላ አስረዳት። ኬሞው የአንጀቱን ሽፋን ልጦታል፤ የሚከላከልለትንም ሴል ጨርሶታል። ባክቴሪያው በዚያ ክፍተት ገብቶ ደሙን በክሎታል። መውጣት የነበረበት መርዝ ደግሞ ውስጥ ቀርቷል አላት፤ ያስቀረው ክኒኑ መሆኑን እሷ ብቻ አወቀች። ከዚያ፣ ያጽናናት መስሎት፣ «ዕጢው እኮ በግማሽ ቀንሶ ነበር» አላት።

በሦስተኛው የለቅሶ ቀን ነርሷ መጣች። ከሥራ በቀጥታ ነው፤ ነጩን የሆስፒታል ጫማ አልቀየረችም። ወደ ሚስቲቱ ጎንበስ ብላ እጇን ያዘች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልልዎት ነው የመጣሁት። ደውዬ ነበር። ድምፅዎ ደስ አላለኝም። ነገ ይዘዋቸው ይምጡ ማለት ነበረብኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ አላልኩም።»

«ሰማችሁ?» አለች እህትየዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «በገዛ አፏ!»

«ዋሽቻት ነው» አለች ሚስቲቱ።

«ምን?»

«ጠይቃኛለች። ተቅማጥ አለ ወይ ብላ ጠይቃኛለች። የለም አልኳት። ክኒኑን የገዛሁት እኔ ነኝ። ያስዋጥኩት እኔ ነኝ። ለሐኪሙም ዋሸሁ።»

ሁሉም አንድ ላይ ተነሱ።

«ኧረ ተይ የኔ እናት! ራስሽን አትብዪ።»

«ሐዘን ነው የሚያናግራት።»

«እንቅልፍ ካየች ስንት ቀኗ? ውሃ ስጧት!»

እህትየዋ አንገቷን አቅፋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። «አወይ ደግነትሽ! ለዚች ብለሽ ነው አይደል? ወንድሜ ‹ልቧ ሩህሩህ ነው› ሲል ውሸቱን አልነበረም።»

«ደብዳቤውን ስጪኝ» አለች ሚስቲቱ፣ አፏ በእህትየዋ ልብስ ታፍኖ።

«አንቺ አሁን ልብሽ ልብ አይደለም። እኔ አለሁልሽ።» ቦርሳውን በብብቷ ሥር አጠበቀችው።

ከሁሉም ያላወራችው ነርሷ ብቻ ናት። በሩ ላይ ስትሰነባበት በዝግታ ጠየቀች፤ «ወደ እኛ ስትመጡ ተቅማጡ ስንት ቀን ሆኖት ነበር?»

«ሦስት።»

ነርሷ ዐይኗን ጨፈነች። ልትጨብጣት እጇን ዘረጋች፤ መሀል ላይ መለሰችውና ሄደች።

ሚስቲቱ ኩሽና ገብታ በሩን መለስ አደረገችው። ከማጠቢያው ሥር ያለው ፎጣ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ቀለሙ ተነፍቶ ተሰንጥቋል፤ ስትነካው ልስኑ እንደ እርጥብ ዳቦ በጣቷ ተነሳ። ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው አሁንም «ሐዘን ነው» ይላል።

ተንበረከከች። የገመዱ ቋጠሮ በእጅ እምቢ ሲላት በጥርሷ ፈታችው። ፎጣው ዘጭ ብሎ ወደቀ። ቱቦው ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ ጠብ አለ። እጇን ከሥሩ ዘረጋች። መዳፏ ሲሞላ አላፈሰሰችውም፤ ሌላውን እጇን ጨመረችበት።