አልጠገብኩህም

ሜይ 16 ቀን 2023፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ የራሴን ድምፅ ከጣሪያ ሰማሁት። ቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል በምሠራበት ልብስ ቤት ሱሪ እያጠፍኩ ነበር። ከላይ ካለው ድምፅ ማጉያ መጀመሪያ ደረት የሚደልቅ ባስ መጣ፤ ቀጥሎ የእኔ ጉሮሮ። «ጠገብኩህ፣ ጠገብኩህ፣ ጠገብኩህ» እላለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ሊራዝ ማንጠልጠያ እንደያዘች ትወዛወዛለች።

«ምን ሆንሽ፣ ማናለሽ? የእናንተ ሰፈር ልጆች እኮ ናቸው፤ ሚክላት ሰባት» አለችኝ።

ሚክላት ሰባት የሚባሉት ሁለት ናቸው፤ የወንድሜ ልጅ ኤሊያስና ጓደኛው ሻሓር። ሰፈራችን ክርያት ሞሼ፣ ከሕንጻችን ሥር ባለው የቦምብ መጠለያ ውስጥ ኮምፒውተር አስገብተው የዳንስ ሙዚቃ ይሠራሉ። ስማቸውንም በዕብራይስጥ «መጠለያ ሰባት» ከሚለው ከበሩ ጽሑፍ ነው የወሰዱት።

ድምፁን ከየት እንዳመጡት አወቅሁ። ወንድሜ ባሕሩ ከአምስት ወር በፊት ሲሞት በለቅሶው ድንኳን ያወረድኩት ሙሾ ነው። ሙሾ ያስተማረኝ የለም። በፈረንጆቹ 1991 አዲስ አበባ ወደዚህ አገር የሚያመጣንን አውሮፕላን ስንጠብቅ እናቴ ሞተች፤ አልቃሽ ስላልተገኘ እኔው ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ሰው ሲሞት እኔን ይጠራሉ። ለባሕሩ ግን ጠሪ አላስፈለገኝም፤ የራሴ ለቅሶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ነስ ጺዮና ከተማ ፋብሪካ ሠርቶ፣ ጡረታ ሊወጣ ሲል ታመመ። እንዲህ አልኩት፦

ቀንህ ለፋብሪካ፣ ማታህ ለሕመም፣
ወንድሜ ባሕሩ፣ አልጠገብኩህም።

ኤሊያስ ይህን በስልኩ ቀድቶ ኖሯል። ከዚያ «አል»ን ከፊት፣ «ም»ን ከኋላ ቆርጦ ጣለ። አልጠገብኩህም ብዬ የሸኘሁትን ወንድሜን አሁን በየሱቁ ሰለቸኸኝ እለዋለሁ።

ከሥራ እንደወጣሁ ወደ መጠለያው ወረድኩ።

«ዶዳ ማናለሽ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለ ኤሊያስ። አክስት ማለቱ ነው። ወንበሩን በእጁ ጠረገልኝ።

«እዚያ ዘፈን ላይ ምን እንደምል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ እንጂ። ጠገብኩ፣ ምግብ ላይ እንደሚባለው። አባቴ ሞልቶኛል ማለት ነው፤ ናኾን፣ ልክ አይደል?»

ልጁ ያን ቃል የሚያውቀው ከእናቱ ገበታ ብቻ ነው። ለአባቱ ምስጋና የሠራ መስሎታል።

«ሰውን ጠገብኩህ ማለት ከዓይኔ ጥፋ ማለት ነው» አልኩት። «አባትህን ነው እንዲህ ያስባልከኝ።»

ፊቱ ተለወጠ። ሻሓር አማርኛ አይሰማም፤ ኤሊያስ በዕብራይስጥ ነገረው።

«እንግዲያ ሙሉውን እናስገባው» አለ ሻሓር፤ ክፉ ልጅ አይደለም። አስገብቶ ከፈተው። ቃሉ ከከበሮው ዘግይቶ ወደቀ። ደግሞ ሞከረ። ያነክሳል። እኔም ሰማሁት።

«በዚህ አይጨፈርም» አለ ሻሓር።

«ለቅሶ ነው፣ ልጄ። ጨፍሩበት ያላችሁ ማን ነው?» አልኩት በዕብራይስጥ።

ኤሊያስ ሳቅ አመለጠውና አፈረ። «ቤሰደር፣ እሺ ዶዳ። ሐሙስ ቴል አቪቭ እንጫወታለን፤ ከዚያ በፊት እናስተካክለዋለን። በአባቴ አምላክ።»

ዓርብ ጠዋት የባሕሩ ሚስት ወርቂቱ ስልኳን ይዛ መጣች። ልጇ ቪድዮ ልኮላታል። ሁለቱ መድረክ ላይ ናቸው፤ ከፊታቸው ሺህ የሚሆን ወጣት እጁን ሰቅሎ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ «ጠገብኩህ» እያለ ይጮኻል። ወርቂቱ እስከ መጨረሻው አየችው።

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ እኔ እንኳ ያላልኩትን» አለች።

ለኤሊያስ ደወልኩ።

«ዶዳ፣ ሞክረን ነበር። ሰው ያችን ቃል ሊሰማ ነው የሚመጣው። ደግሞ ማንም አይገባውም እኮ።»

«እኛስ ይገባናል።»

«እናንተ ክለብ አትሄዱም።»

ከዚያ በኋላ አልደወለልኝም፤ እኔም አልደወልኩለትም።

በነሐሴ ንብረት የሚባል ጎረቤታችን እናቱ ሞቱበት፤ ተጠራሁ። ድንኳኑ መካከል ቆሜ ጀመርኩ። አፌ ለምዶት «እማምዬ፣ አልጠገብኩሽም» ላይ ስደርስ፣ ከኋላ ከተቀመጡት ልጃገረዶች አንዷ ሳቀች። ቶሎ ብላ አፏን በእጇ ያዘች፤ አጠገቧ ያለችው ግን ትከሻዋ ይርገፈገፍ ነበር። ንብረት ቀና ብሎ አየ፤ እነሱን አይደለም፣ እኔን። ግጥሙን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ክርያት ሞሼ ሰው ሲሞት አልቃሽ ከሌላ ከተማ፣ ከገዴራ ያስመጣሉ።