በማስታወቂያ ሰሌዳ የተዳሩት ሙሴ ፊርማን

ሙሴ ፊርማን ብሌዝ በስማቸው የተነሣ ያላዩት አበሳ የለም። ሙሴ እንደ አቶ ያለ የፈረንሳዮች መጠሪያ ነው፤ ፊርማን የራሳቸው ስም ነው፣ ብሌዝ የቤተሰባቸው። ዳሩ ግን ሁለቱም ለሕፃን የሚወጡ ስሞች ስለሆኑ፣ የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ አጥርቶ የሚያውቅ ከሟች እናታቸው በቀር አልተገኘም። በባቡር ጣቢያው ሠላሳ አራት ዓመት ሲያገለግሉ አለቃቸው በራሳቸው ስም ጠርቶ ያቀረባቸው እየመሰለው "ብሌዝ፣ ወንድሜ" እንዳለ ጡረታ ወጣ። እሳቸውም ማረም ሰልችቷቸው ተዉት።

በግንቦት ወር፣ በአንዱ ማክሰኞ ጧት፣ ዳቦ ሊገዙ ወጡ። ጋጋሪው ዤርቬ ገና ከሩቅ ሲያያቸው የእጁን ዱቄት ሳያራግፍ ሮጦ ትከሻቸውን ቸብ አደረጋቸው።

"አይ ሙሴ ፊርማን! ድምፅዎን አጥፍተው ጉድ ሠሩን!"

"ምን አደረግሁ?"

"ደግሞ ይሽኮረመማሉ! በሉ ይችን ዳቦ ከእኔ ይውሰዱ። ከእንግዲህ ጉልበት ያስፈልግዎታል።"

መንገድ ላይ ሐኪሙ መኪናቸውን አቁመው፣ "ከሰርጉ በፊት ልብዎን ልመርምርልዎት" አሏቸው። ሁለት አሮጊቶች ደግሞ በአጠገባቸው ሲያልፉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ ሳያደርጉ፣ "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም" ተባባሉ።

ሙሴ ፊርማን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ገሰገሱ። ደጁ ላይ፣ በመስታወት በተዘጋው ሰሌዳ ውስጥ የጋብቻ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ ፊርማን ብሌዝ እና ኤሎዲ ማርሻን በሰኔ ይጋባሉ። ኤሎዲ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ናት፣ ገና የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። ሙሴ ፊርማንን ከእሷ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ቢኖር የሳል ሽሮፕ ብቻ ነው።

"ማዳም ሶላንዥ፣ በምን ዕዳዬ ነው የዳሩኝ?" አሉ ጸሐፊዋን፣ ሰላምታውንም ዘለው።

ማዳም ሶላንዥ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። "እርስዎን ማን ዳረዎት? የታችኛው መንደር አናጢ ነው፣ ብሌዝ ፊርማን። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ ደንብ ነው።"

"ታዲያ ለልጅቷ የራሷን ስም ለምን አስቀደሙላት?"

ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጠው አዩ። "የእሷማ ግልጽ ነው! ያሳበዳችሁኝ እናንተ ናችሁ።"

"እሺ፣ አሁን ያርሙት።"

"የሰሌዳው ቁልፍ ከንቲባው ኪስ ውስጥ ነው፣ ከንቲባው ደግሞ ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደዋል። እስከ ሐሙስ ሙሽራ ሆነው ይቆዩ እንግዲህ፣ ምን ይጎድልብዎታል?"

ከሰዓት በኋላ ሙሴ ፊርማን ወደ ጎረቤታቸው ወደ ማዳም ጊስሌን ሻብሮል ቤት ሄዱ። ሁለቱም የትዳር ጓደኛቸውን የቀበሩ ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ካርታ ሲጫወቱ ኖረዋል። ዛሬ ግን በሩ ተቆልፏል። መስኮቱ ብርግድ አለ።

"ከሙሽራዎ ጋር ይጫወቱ! ካላወቀችበት ያስተምሯት፣ ልጅ ናት፣ ቶሎ ይገባታል!"

"ስህተት ነው እኮ! ሙሽራው ሌላ ሰው ነው!"

"ሌላ ፊርማን ብሌዝ?"

"አይ፣ ብሌዝ ፊርማን!"

"ጭራሽ ያሾፉብኛል!" መስኮቱ ድርግም ብሎ ተዘጋ።

ሙሴ ፊርማን መጀመሪያ ተናደዱ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። ካርታ ሲሰርቁ እጅ ከፍንጅ ይዘዋቸው እንኳ ስቀው ያለፉ ሴት፣ ዛሬ ምን ነካቸው? አጥራቸው ሥር ሲደርሱ ነገሩ ድንገት ገባቸው፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ጢማቸውን ዳግመኛ ተላጩ፣ ከጓሯቸው ጽጌረዳ ቆረጡ፣ ሄደውም በተዘጋው በር ፊት ቆሙ።

"ማዳም ጊስሌን፣ ላገባ ያሰብኩት ሰው አልነበረም። ካገባሁ ግን እርስዎን ነው።"

ማዳም ጊስሌን ከበሩ ጀርባ መጥተው ቆሙ።

"ይችን ለመናገር አሥራ አንድ ዓመት?"

"የባቡር ሰው ነኝ፣ ማዳም። መዘግየት ልማዳችን ነው።"

በሩ ተከፈተ። ማዳም ጊስሌን ዓይናቸው ቀልቷል፤ ፈገግታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም።

"ጫማዎን ጠርገው ይግቡ" አሉ። "አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይወቁልኝ፤ እንደ ሌሎች ሚስቶች የባሌን፣ የእርስዎን ስም አልወስድም። ሻብሮል ስባል ማንም ተምታቶበት አያውቅም።"

ሙሴ ፊርማን በደስታ ተስማሙ። በመስከረም ተጋቡ፤ አናጢውና ኤሎዲም ተጠርተው መጡ፣ እስኪመሽም ጨፈሩ።